ለመብራት መጥፋት ቤትን በጄኔሬተር ማዘጋጀት፦ ጥያቄና መልስ

የተላኩት ጥያቄዎች ብዙ ስለሆኑ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አጣምሬያለሁ። ስሌቶቹ በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ ለሚሠራ ቤት ናቸው። ስለ ጭስና ጄኔሬተሩን ከቤት መስመር ስለማገናኘት የጻፍኩት ረዘም ይላል፤ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው በእነዚህ ሁለቱ ስለሆነ እነሱን ሳታነቡ አትለፉ።

ጥያቄ፦ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይ፣ 10 የኤልኢዲ አምፖልና ባለ 1 የፈረስ ጉልበት የውሃ ፓምፕ አለኝ። አንዱ ሻጭ 3 ኪሎዋት ይበቃል ይላል፣ ሌላው ከ7 አትውረድ ይላል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሚወስኑት ዕቃዎችህ ናቸው። የእያንዳንዱን ዋት ጀርባው ወይም ሥሩ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ አንብብ። ዋት ካልተጻፈበት አምፒሩን በ220 አባዛው። ሞተር ላለው ዕቃ ግን አንድ ቁጥር አይበቃም፤ ሞተር ሲነሳ ለአፍታ የሚስበው ኃይል እየሠራ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ፍሪጅ እየሠራ 150 ዋት ገደማ ቢወስድም ኮምፕረሰሩ ሲነሳ እስከ 1,000 ዋት ሊጠይቅ ይችላል። ባለ 1 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ በዘንጉ የሚያወጣው 746 ዋት ነው፤ ከመስመር የሚስበው ግን 1,100 ገደማ፣ ሲነሳ ደግሞ 3,000 እና ከዚያ በላይ ነው።

እንደምረው። ፍሪጅ 150፣ ቴሌቪዥን 100፣ ዋይፋይ 15፣ አምፖሎቹ 100፤ ድምር 365 ዋት። ፓምፑ ሲጨመር 1,465 ይሆናል። በዚህ ላይ ሲነሳ ከሁሉ በላይ የሚጠይቀውን የአንዱን ሞተር ትርፍ ብቻ እንጨምራለን፤ ሁለት ሞተሮች በአንድ ቅጽበት እንዲነሱ ስለማናደርግ ነው። የፓምፑ ትርፍ (3,000 ሲቀነስ 1,100) 1,900 ስለሆነ ጣሪያው 3,365 ዋት ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ያለማቋረጥ 3.5 ኪሎዋት የሚሰጥ ይበቃሃል፤ 7 ኪሎዋት ነዳጅ ማባከን ነው።

አሁን ፓምፑን አውጣው። መብራት ባለበት ሰዓት ውሃውን ወደ ታንከር ብትሞላ፣ የቀረው ቤት የፍሪጁ መነሻ ተጨምሮ እንኳ 1,215 ዋት ነው የሚፈልገው። 2 ኪሎዋት የሆነ፣ ጸጥ ያለ፣ ግማሽ ነዳጅ የሚበላ ማሽን ይበቃል ማለት ነው። ምርጫው የእኔ ቢሆን ለትልቅ ጄኔሬተር የሚወጣውን ገንዘብ ለታንከር አደርገው ነበር።

ሰሌዳውን ስታነብ ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። በትልቁ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚችለው ከፍተኛ ኃይል ነው፤ አንተ የምትፈልገው ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ነው። በኪሎዋት ፈንታ በኬቪኤ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ፓወር ፋክተሩን (ከኬቪኤው ምን ያህሉ ኪሎዋት እንደሚሆን የሚያሳየውን ቁጥር) አይተህ አባዛው፤ 0.8 ከሆነ 5 ኬቪኤ ማለት 4 ኪሎዋት ነው።

ጥያቄ፦ ቦይለር፣ ምድጃና የውሃ ማፍያስ?

መልስ፦ ከዝርዝሩ ያስወጧቸው። ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ ሁሉ ነዳጅ ጨራሽ ነው፤ ቦይለር ከ1,500 እስከ 2,000 ዋት፣ የውሃ ማፍያ 2,000 ዋት ገደማ ይስባሉ። ቤንዚን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩን መልሶ እሳት ማድረግ ትርፉ ኪሳራ ነው። ለማብሰያ ጋዝ ይጠቀሙ። የልብስ ማጠቢያ ማሽንም ውሃውን ሳያሞቅ በቀዝቃዛው እንዲያጥብ ካደረጉት 500 ዋት ገደማ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ ነው። ጄኔሬተሩ 3.5 ኪሎዋት ይላል፣ ግን 3 ኪሎዋት ስጭንበት ይንገዳገዳል። ተታልዬ ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። አየር ሲሳሳ ሞተሩ በአንድ ሳብ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ በየ300 ሜትሩ ኃይሉ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። 2,400 ሜትር ላይ 28 በመቶ ቀንሷል ማለት ነው፤ ከ3.5 ኪሎዋት የሚቀርዎ 2.5 ገደማ ነው። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው የሚፈልገውን ዋት ካሰላ በኋላ በ0.72 አካፍሎ ይግዛ።

በዚያ ላይ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነ ከሆነ ለሳሳው አየር ቤንዚን ያበዛበታል። ምልክቱ ጥቁር ጭስ፣ በጥላሸት የጠቆረ ካንዴላና የነዳጅ ፍጆታ መጨመር ነው። መፍትሔው ጄት የምትባለውን የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ ለከፍታ ቦታ በተሠራች ጠባብ መቀየር ነው። ይህ ድብልቁን ያስተካክላል እንጂ የጠፋውን 28 በመቶ አይመልስም። ማሽኑን ወደ ቆላ ከወሰዱት የመጀመሪያዋን ጄት ይመልሱ፤ ጠባቧ እዚያ ቤንዚን ታሳንስና ሞተሩን ከልክ በላይ ታግለዋለች።

ጥያቄ፦ ግቢዬ ጠባብ ነው። መኪና ማቆሚያው ውስጥ በሩን ከፍቼ፣ ወይም በረንዳ ላይ ባስነሳው ችግር አለው?

መልስ፦ አያድርጉት። በር ቢከፈት፣ መስኮት ቢከፈት፣ ቬንትሌተር ቢኖር መኪና ማቆሚያ፣ ምድር ቤት፣ መጋዘንና በረንዳ የጄኔሬተር ቦታ አይደሉም። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ከደም ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ ጥቂቱ ብዙ ይሠራል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ነዳጁ ሲቃጠል የሚሸተው ጭስ ሌላ ነገር ነው፤ ጭስ አልሸተተኝም ማለት ጋዙ የለም ማለት አይደለም።

ቢያንስ 6 ሜትር ከቤቱ ይራቅ፤ የማርሚታው አፍ ከእርስዎም ከጎረቤትም በር፣ መስኮትና የአየር ማስገቢያ ተቃራኒ ይዙር። ሁለት ግንብ የሚገናኙበት ጥግ ላይ አያስቀምጡት፤ ነፋስ ጋዙን እዚያ ያከማቸዋል። በመኝታ ክፍሎቹ አጠገብ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይስቀሉ። የጭስ ማንቂያ ይህን አይተካም።

በግቢዎ 6 ሜትር ከሌለ ለእርስዎ ቤት ጄኔሬተር አይሆንም፤ በባትሪና በኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ በሚለውጥ ዕቃ) ይሂዱ። መካከለኛ መንገድ የለውም።

ጥያቄ፦ ጄኔሬተር እየሠራ ሁላችንንም ራሳችንን ቢያመን ምን እናድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ሁላችሁም ውጡ፣ ሕፃናትና የተኙ ሰዎች ሳይቀሩ። መስኮት እየከፈታችሁ ወይም ምክንያቱን እየፈለጋችሁ ውስጥ አትቆዩ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው፤ ብዙ ሰው ጉንፋን ወይም የምግብ መመረዝ ይመስለዋል። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ከታመሙ፣ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው ጋዙ ነው ብላችሁ ያዙ። ቢሻላችሁም ሐኪም ቤት ሂዱና በጄኔሬተር አጠገብ እንደነበራችሁ ተናገሩ፤ ሐኪሙ ይህን ካላወቀ ሊስተው ይችላል። ነፍሰ ጡር ካለች ፈጽሞ አትዘግዩ።

ጥያቄ፦ የሠፈራችን ኤሌክትሪሺያን ሁለቱም ጫፉ ወንዴ የሆነ ገመድ ሠርቶልኛል። ዋናውን ብሬከር አጥፍቼ ገመዱን ሶኬት ላይ እሰካለሁ፣ ቤቱ በሙሉ ይበራል። እስካሁን ምንም አልሆነም።

መልስ፦ ገመዱን ዛሬውኑ ይቁረጡት። ምክንያቱን ልዘርዝር፣ ምክንያቱ ካልገባ ሰው ተመልሶ ይሠራዋልና።

ጄኔሬተሩ ሲሠራ በገመዱ ነፃ ጫፍ ላይ ያሉት ጥርሶች 220 ቮልት ተሸክመው ራቁታቸውን ናቸው። ገመዱ ከሶኬት ቢነቀል፣ ልጅ ቢያነሳው፣ በጨለማ ቢረገጥ መከላከያ የለውም።

ዋናው ብሬከር ደግሞ የሚጠፋው በሰው እጅና በሰው ትዝታ ነው። አንድ ሌሊት ቢረሳ ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ትራንስፎርመር በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ ከላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ተቀብሎ 220 እንደሚያወርድልን ሁሉ፣ ከታች 220 ሲገባበት ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ያወጣዋል። መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ የጥገና ሠራተኛ በእርስዎ ጄኔሬተር ይመታል። ብሬከሩ ሳይጠፋ መብራት ቢመጣ ደግሞ ሁለቱ ምንጮች ይጋጫሉ፤ የጄኔሬተሩ መጠምጠሚያ ይቃጠላል፣ አንዳንዴም እሳት ይነሳል።

አንድ ነገር ጨምሬ ልበል፦ በዚህ መንገድ ኃይሉ የሚገባው ለ16 አምፒር በተሠራ ሶኬትና በቀጭን የግድግዳ ሽቦ ስለሆነ ሶኬቱ ውስጥ ሙቀት ይፈጠራል። ሶኬቱ ቡናማ ሆኖ ካገኙት እሳት የሚነሳበት ጊዜ ቀርቧል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ትክክለኛው አገናኝ ምን ይመስላል? ለኤሌክትሪሺያኑ ምን ብዬ ልዘዘው?

መልስ፦ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው፤ እርስዎ ግን የሚከተለውን ይጠይቁት።

ባለ 3 ቦታ ቼንጅ ኦቨር ስዊች (የኃይል ምንጭ መቀያየሪያ) ይግባ፤ 1 የመስመሩ፣ 0 የምንም፣ 2 የጄኔሬተሩ። ጥቅሙ ሁለቱ ምንጮች በምንም ሁኔታ በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ ብረቱ ራሱ መከልከሉ ነው፤ የሰው ትዝታ አያስፈልገውም። ለባለ 1 ፌዝ ቤት ባለ 2 ፖል መሆን አለበት፣ ማለትም ፌዙንም (ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ) ኒውትራሉንም (መመለሻውን ሽቦ) የሚቀይር። ፌዙን ብቻ የሚቀይር ስዊች ርካሽ ነው ተብሎ ከቀረበልዎ አይቀበሉ። አምፒሩ ከበላዩ ካለው ብሬከር አይነስ፤ ቤቱ በሙሉ በ63 አምፒር ብሬከር የሚገባ ከሆነ ስዊቹም 63 ይሁን።

እኔ የምመርጠው ግን ቤቱን በሙሉ ማገናኘትን አይደለም። ፍሪጁን፣ የመብራቱን፣ የዋይፋዩንና የአንድ ሁለት ክፍል ሶኬት መስመሮችን ለብቻቸው ወደ ትንሽ ብሬከር ሳጥን አውጥቶ ያንን ሳጥን ብቻ በቼንጅ ኦቨሩ ማለፍ ይሻላል። ያኔ ማንም ሰው ሳያስብ ቦይለር አብርቶ ጄኔሬተሩን አያንቀውም።

በውጭ ግድግዳ ላይ ክዳን ያለው፣ ጥርሱ ግድግዳው ላይ የሆነ ወንዴ መግቢያ ይተከል፤ ከጄኔሬተሩ የሚመጣው ገመድ ጫፉ ሴቴ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ኃይል ያለው ጥርስ መቼም ራቁቱን አይገኝም። በመግቢያውና በቼንጅ ኦቨሩ መካከል በጄኔሬተሩ ልክ ብሬከር ይግባ፤ 3.5 ኪሎዋት ለ220 ሲካፈል 16 አምፒር ገደማ ነው። ከቼንጅ ኦቨሩ በፊት በመስመሩ በኩል አንዲት አመልካች አምፖል ብታስገቡ መብራት መምጣቱን በእሷ ታውቃላችሁ።

ራሱ የሚቀያይረው አውቶማቲክ ቼንጅ ኦቨር የሚያስፈልገው ቤት ውስጥ ሰው በማይኖርበት ጊዜም መሥራት ያለበት ዕቃ ካለ ነው። ማሽኑም በባትሪ የሚነሳና ቾኩ አውቶማቲክ መሆን አለበት። ለሌላው የእጁ ይበቃል፣ የሚበላሽ ነገርም የለውም።

ጥያቄ፦ ጄኔሬተር ኧርዝ (ከመሬት ጋር ማገናኛ) ያስፈልገዋል? ሰውነቱን ስነካው ያንዘፈዝፈኛል።

መልስ፦ ማንዘፍዘፉ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማሽኑን አጥፍተው የተላጠ ሽቦ ወይም እርጥበት እንዳለ ያስመርምሩ።

የብዙ ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተሮች ኒውትራል ከሰውነታቸው ጋር አልተያያዘም። አንድ ዕቃ በቀጥታ ተሰክቶ ሲሠራ ይህ ችግር የለውም፤ ፋብሪካው እንደሠራው ይተውት። ወደ ቤት ሽቦ ሲገናኝ ግን ነገሩ ይለያል። የቤቱ አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ሲሾልክ የሚቆርጠው መከላከያ) የሚቆርጠው የሾለከው ኤሌክትሪክ በኧርዝ በኩል ወደ ምንጩ የሚመለስበት መንገድ ሲኖረው ነው። መንገዱ ከሌለ አርሲዲው ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ መሞከሪያ ቁልፉን ሲጫኑት ቢቆርጥም እንኳ። ስለዚህ ኒውትራሉ በጄኔሬተሩ በኩል በአንድ ቦታ ብቻ ከኧርዝ ጋር ይታሰር፣ ኧርዙም ከቤቱ የኧርዝ ዘንግ ጋር ይገናኝ። ከላይ ባለ 2 ፖል ስዊች ያልኩትም ለዚህ ነው፤ የጄኔሬተሩ ማሰሪያ ከመስመሩ ኒውትራል ጋር እንዳይደራረብ። ባለሙያው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ አርሲዲውን በጄኔሬተሩ ኃይል በመለኪያ እንዲፈትነው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ 30 ሜትር ገመድ ዘርግቼ ነው የምጠቀመው። ገመዱ ይሞቃል፣ አምፖሉም ይደበዝዛል።

መልስ፦ ገመዱ ቀጥኗል። 30 ሜትር ሲባል ኤሌክትሪኩ የሚጓዘው ሄዶ መመለሻውን 60 ሜትር ነው። በ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ላይ 16 አምፒር ቢያልፍ 11 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። በ2.5 ወደ 7፣ በ4 ወደ 4 ቮልት ይወርዳል። 4 ይግዙ። ፍሪጅና ፓምፕ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ሲነሱ ተጨማሪ አምፒር ይስባሉ፣ መጠምጠሚያቸውም ይግላል። ገመዱ በጎማ የተሸፈነ የውጭ ገመድ ይሁን፤ ጥቅሉንም ሙሉ በሙሉ ይፍቱት፣ እንደተጠቀለለ ከተጫነበት ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።

ጥያቄ፦ በኢንቨርተር የሚሠራው ጄኔሬተርና ተራው ልዩነታቸው ምንድን ነው? ዩፒኤሴ (መብራት ሲጠፋ ወዲያው በባትሪ የሚተካው ዕቃ) የጄኔሬተሩን መብራት አልቀበልም እያለ ይጮሃል።

መልስ፦ ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው። ተራው ጄኔሬተር 50 ኸርዝ ለማውጣት ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር መዞር አለበት፤ ጭነት ኖረም አልኖረ ያንኑ ያህል ይዞራል። ጭነት ሲጨመርበት ዙሩ ዝቅ፣ ሲቀነስለት ከፍ ስለሚል ኸርዙም አብሮ ይዋዥቃል። ዩፒኤሱ ይህን አይቶ ነው የሚጮኸው። የኢንቨርተሩ ማሽን የሚያመነጨውን ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ለውጦ እንደገና በኤሌክትሮኒክስ 50 ኸርዝ አድርጎ ይሠራዋል። ስለዚህ ኃይሉ ንጹሕ ነው፣ ጭነቱ ሲያንስ ሞተሩም ዝግ ይላል፣ ድምፁም ነዳጁም ይቀንሳል። ጉዳቱ ዋጋውና ሲበላሽ ሰርኪዩቱ በሙሉ መቀየሩ ነው።

በያዙት ማሽን መጀመሪያ የሞተሩን ዙር ያስለኩ፤ ያለ ጭነት 52 ኸርዝ ገደማ ቢሆን ጭኖ ወደ 50 ይወርዳል። ዩፒኤሱም ለመዋዠቅ ያለውን ትዕግሥት የሚያሰፋ ማስተካከያ ካለው ይጠቀሙበት። ጄኔሬተሩ ከዩፒኤሱ አቅም ቢያንስ 2 እጥፍ ቢሆን ይመረጣል።

ጥያቄ፦ በሰዓት ምን ያህል ነዳጅ ይበላል? ቤንዚን ወይስ ናፍጣ?

መልስ፦ በግምት ለመያዝ፣ የቤንዚን ጄኔሬተር በመካከለኛ ጭነት ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ግማሽ ሊትር፣ ናፍጣ ከ0.3 እስከ 0.4 ሊትር ይወስዳል። ጭነቱ ሲያንስ ስሌቱ ይበላሻል፤ 3 ኪሎዋት የሆነ ተራ ማሽን 1 ኪሎዋት ብቻ ቢጫንበት በሰዓት ወደ 1 ሊትር ይጠጋል። 2 ኪሎዋት የሆነ ኢንቨርተር 500 ዋት ሲይዝ ግማሽ ሊትር ገደማ ነው። ናፍጣ በየቀኑ ረጅም ሰዓት ለሚሠራ ትልቅ ጭነት ጥሩ ነው። አልፎ አልፎ አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ ለሚያበራ ቤት ግን አይሆንም፤ ከአቅሙ 30 በመቶ በታች ተጭኖ ሲኖር ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል ይቀርና በማርሚታው ላይ ጥቁር ቅባት ይጠራቀማል። በጋዝ ሲሊንደርም የሚሠሩ አሉ፤ ኃይላቸው 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል እንጂ ጋዝ እንደ ቤንዚን አይበላሽም።

ጥያቄ፦ ቤንዚን ለስንት ጊዜ ማስቀመጥ ይቻላል?

መልስ፦ ከ1 እስከ 3 ወር። ቤንዚኑ በተገዛበት ቀን ማቆያ ኬሚካል ከተጨመረበት እስከ 1 ዓመት። ለነዳጅ በተሠራ ጀሪካን፣ ለመስፋፊያ ጥቂት ቦታ ትቶ፣ ከቤት ውጭ በጥላ ስር ይቀመጥ፤ የውሃ ወይም የዘይት ፕላስቲክ አይሆንም። ጀሪካኑ ላይ ቀኑን ይጻፉበትና ሳያረጅ መኪና ላይ ጨምረው በአዲስ ይተኩት።

ሲሞሉ ሞተሩን አጥፍተው 15 ደቂቃ ያቆዩት። የጋለ ማርሚታ ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ወዲያው ይያያዛል፤ ሰው የሚቃጠለው በዚህች ችኮላ ነው። ሌሊት እንዳያልቅብዎ ከመጨለሙ በፊት ይሙሉት።

ጥያቄ፦ 6 ወር ቆሞ ነበር፤ ገመዱን ብጎትት ብጎትት አይነሳም።

መልስ፦ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ። ዘይቱን ይዩ፤ ዘይት ሲያንስ ሴንሰሩ ብልጭታውን ስለሚቆርጥ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖም አይነሳም። የነዳጁ ቧንቧና ማብሪያው ክፍት መሆናቸውን፣ ቾኩ መዘጋቱን ያረጋግጡ። ቀጥሎ ካንዴላውን ፈተው ይዩት። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰውም። እርጥብ ከሆነ ወይ ብልጭታ የለውም ወይ በቤንዚን ታፍኗል፤ አድርቀው፣ ክፍተቱን ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር አስተካክለው ይመልሱት።

ከቆመ ማሽን 9 ጊዜ ከ10 ጥፋቱ ካርቡሬተር ነው ብል አላጋነንኩም። ያረጀው ቤንዚን ወደ ሙጫነት ይለወጥና ጄቷን ይደፍናታል። የነዳጁን ቧንቧ ዘግተው ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ጽዋ በአብዛኛው በ10 ቁጥር ቁልፍ ይፍቱ፣ አሮጌውን ያፍስሱ፣ ጄቷን በካርቡሬተር ማጽጃና ከሽቦ በተመዘዘ አንድ የመዳብ ክር ያጽዱ። መርፌ ወይም የብረት ሽቦ አይጠቀሙ፤ ቀዳዳዋን ያሰፋታል። ተነስቶ ድምፁ ከፍ ዝቅ ካለ ትንሿ የዝግታ ቀዳዳ ገና አልጸዳችም።

ዳግም እንዳይደፈን፣ ለረጅም ጊዜ ሲያቆሙት ሞተሩ እየሠራ ቧንቧውን ዘግተው ቤንዚኑን ጨርሶ በራሱ እስኪጠፋ ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ይሠራል፣ ኤሌክትሪክ ግን አይሰጥም።

መልስ፦ ብሬከሩ አለመውረዱን አይተው ከሆነ፣ የሚቀሩት ካርቦን ብሩሾቹ፣ ኤቪአሩ (ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው) ወይም በአነስተኛ ማሽኖች ካፓሲተሩ ናቸው። ብዙ ወር የቆመ ከሆነ ደግሞ ብረቱ ላይ የሚቀረው ጥቂት ማግኔትነት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ያለ እሱ ማመንጨት አይጀምርም። ይህ 12 ቮልት ባትሪን ለአፍታ በማስነካት ይመለሳል፣ ግን ዋልታው ከተገለበጠ ኤቪአሩ ስለሚቃጠል ለባለሙያ ይተውት። ካፓሲተርም ማሽኑ ጠፍቶም ኃይል ይዞ ስለሚቆይ በእጅ አይነካም።

ጥያቄ፦ ጥገናው ምንድን ነው?

መልስ፦ አዲስ ማሽን ከመጀመሪያው 20 ሰዓት ሥራ በኋላ ዘይቱ ይቀየር፤ ሲገጣጠም የሚፋቀው ብረት በዘይቱ ውስጥ ነውና። ከዚያ በየ50 እስከ 100 ሰዓቱ። ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት የሆኑት 0.6 ሊትር ገደማ ይይዛሉ፤ ለብዙ አየር ጠባይ 10ደብሊው-30 ይሆናል። የአየር ፊልትሮውን በየ50 ሰዓቱ ያጽዱ፣ አቧራ በበዛበት ቦታ ደግሞ ቶሎ ቶሎ። በወር አንድ ጊዜ መብራት ባይጠፋም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጭነት አስይዘው ያስነሱት። ባዶውን ማስነሳት ግማሽ ፈተና ነው። በባትሪ የሚነሳ ከሆነ ባትሪው ሁልጊዜ በአነስተኛ ቻርጀር ላይ ይሁን።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የማብሪያው ቅደም ተከተል እንዴት ነው?

መልስ፦ ሲጠፋ የትንሿን ሳጥን ብሬከሮች በሙሉ ያውርዱ፣ ገመዱን ያገናኙ፣ ጄኔሬተሩን አስነስተው 3 ደቂቃ ባዶውን ያሙቁት። ከዚያ ስዊቹን ወደ 2 ያዙሩና በመጀመሪያ ትልቁን ሞተር፣ ሲረጋጋ ቀጣዩን፣ በመጨረሻ መብራትና ኤሌክትሮኒክሱን ይክፈቱ።

ሲመጣ አይቸኩሉ፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። እንደተመለሰ ደጋግሞ የመጥፋትና ቮልቴጁ የመዝለል ጠባይ አለው። ብሬከሮቹን አውርደው ወደ 0፣ ከዚያ ወደ 1፤ ጄኔሬተሩንም 2 ደቂቃ ባዶውን አብርደው ያጥፉት።

ጥያቄ፦ ድምፁ ጎረቤት አስመረረ። ሳጥን ልሥራለት?

መልስ፦ የተዘጋ ሳጥን ሞተሩን ያግለዋል፣ እሳትም ያስነሳል። አየር በሁሉም ጎን ቢያንስ 1 ሜትር ይፈልጋል። ርቀቱን እጥፍ ባደረጉ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ከሥሩ ወፍራም ጎማ ያንጥፉ፣ በአንድ ጎን ብቻ የሚከልል ግድግዳ ይጨምሩ። ለዝናብም ጎኑ ክፍት የሆነ ጣሪያ እንጂ ሸራ አይጠቅለልበት።

ጥያቄ፦ እናቴ በኦክስጅን ማሽን ነው የምትተነፍሰው። ለእሷ ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለእናትሽ ጄኔሬተር ብቻውን አይበቃም፤ እስኪነሳ ደቂቃዎች ያልፋሉ፣ ደግሞም ላይነሳ ይችላል። በደቂቃ 5 ሊትር የሚሰጥ የኦክስጅን ማሽን 350 ዋት ገደማ ይወስዳል። ንጹሕ ሳይን ሞገድ (እንደ ዋናው መስመር ለስላሳ ሞገድ) የሚሰጥ፣ ቢያንስ 1 ሰዓት የሚያቆይ ዩፒኤስ ወይም የባትሪ ኢንቨርተር በመካከል ይግባ፤ ጄኔሬተሩ ባትሪውን ይመግብ። ከዚህ ሁሉ ሌላ ሬጉሌተሩ የተገጠመ የኦክስጅን ሲሊንደር ከአልጋዋ አጠገብ ይኑር። ሲሊንደሩ ለስንት ሰዓት እንደሚበቃት ከሐኪሟ ጋር አስልታችሁ በወረቀት ለጥፉት፤ አንቺ በሌለሽበት የሚገኝ ሰው መክፈቱን ይለማመድ። በዚያ ክፍል ሻማ አይበራም።

ጥያቄ፦ ለፍሪጅ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ማስነሳት አለብኝ?

መልስ፦ የለብዎትም። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት፣ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ማታ ለ2 ሰዓት ያህል፣ ጠዋትም ለ2 ሰዓት ያህል ቢያስነሱና ፍሪጁ ውስጥ የቀዘቀዘ ውሃ በጠርሙስ ቢሞሉበት ሌሊቱን ያልፋል። በዚያው ሰዓት ስልኮችን፣ የባትሪ መብራቶችንና ካለ የኢንቨርተሩን ባትሪ ቻርጅ ያድርጉ። 100 አምፒር ሰዓት የሆነ 12 ቮልት ባትሪ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙ እንኳ 600 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ለዋይፋይና ለ3 አምፖል ሌሊቱን ይበቃል። ለሌሊት ባትሪ፣ ለከባድ ጭነት ጄኔሬተር፤ እንቅልፍ ያለው ቤት በዚህ ነው የሚሠራው።

ጥያቄ፦ ቆጣሪዬ ባለ 3 ፌዝ ነው፣ ጄኔሬተሩ ባለ 1።

መልስ፦ አስፈላጊዎቹን መስመሮች በሙሉ በአንድ ፌዝ ላይ ወደ ትንሿ ሳጥን ያሰብስቧቸውና ባለ 2 ፖል ቼንጅ ኦቨር ያስገቡ። ባለ 3 ፌዝ ፓምፕ ወይም ማሽን ካለዎት ከዚያ ሳጥን ውጭ ይሁን፤ 3ቱን ፌዞች አንድ ላይ አስሮ መመገብ ሞተሩን አያዞረውም፣ ያቃጥለዋል እንጂ።